ለባልጩት የሚታዘዝ ባሩድ

ምላጩን ስስብ ባልጩቱ ብረቱን ፋቀው፤ ፍንጣሪው ተረጨ፤ ሳህኗ ላይ ያለው ባሩድ ቦግ አለ። ከዚያ በኋላ ዝምታ። አፈሙዙ ትንፍሽ አላለም። ከኋላዬ የቆሙት አምስት ሽማግሌዎች አልሳቁብኝም፤ ግን አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም። አርፍዶ የሚጮህ ጠመንጃ አለና፣ አፈሙዙን ከዒላማው ሳላነሳ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቆም ነበረብኝ። ቆሜ ቆጠርኩ። የሲያትል ካፊያ ከባርኔጣዬ ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። አያቴ ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር እያልኩ ነው የምቆጥረው።

ያን ቀን ያጎረስኩት ባሩድ አልነበረም፤ የባሩድ ምትክ ነበር። የሸጠልኝ ሰው “ሁሉም ያው ነው” አለኝ፤ አመንኩት። ለሌላ ዓይነት ጠመንጃ ነገሩ እውነትነት ነበረው። ድንጋይ ለሚያቀጣጥለው ግን ያው አይደለም። ይህን እስክረዳ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል፤ እዚህ አገር ክረምት ማለት ደግሞ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው።

ሬንተን ውስጥ አውሮፕላን ከሚገጣጥሙት አንዱ ነኝ። ወደዚህ ነገር ያስገባኝ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት የሥራ ባልደረባዬ ነው። አንድ ቅዳሜ ወሰደኝና በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ በባልጩት የሚተኩስ ረጅም ጠመንጃ እጄ ላይ አኖረው። እኔ የተወለድኩት ደብረ ታቦር ነው። ከከተማችን ብዙም ሳይርቅ ጋፋት አለ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ቦታ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደርሷል፤ ዛሬም እዚያው ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምናየው አምሳያው ነው። ተማሪ ሳለን ስለ መድፉ ብዙ ተነግሮናል። ስለ ባሩዱ የነገረን ግን የለም። መድፍ ያለ ባሩድ ያው ደወል ነው።

አያቴ ግን ያወራ ነበር። የእሱ አያት በአፈሙዙ የሚጎርስ ነፍጥ ነበራቸው፤ አያቴ ነፍጡን “ቆመህ ጠብቀኝ” ይለው ነበር። ባሩዱን ሰፍረህ፣ ጨርቁንና አረሩን ከትተህ፣ በዘንግ ጠቅጥቀህ እስክትጨርስ ጠላትህ ቆሞ ካልጠበቀህ አበቃልህ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ፣ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ እንግሊዞች ከኋላው የሚጎርሰውን ስናይደር ይዘው ሲመጡ የሆነውም ይኸው ነው፤ አልጠበቁም። ስሞቹም ታሪክ አላቸው። ነፍጥ “ነፍት” ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው፤ የሚነድ ዘይት ማለት ነው። ባሩድ የሚለው የዐረብኛ ቃል ደግሞ በጥንቱ አነጋገር የድብልቁ ስም ሳይሆን አንዱ ቅመም፣ እኛ በኬሚስትሪ ክፍል ፖታሲየም ናይትሬት ያልነው ነጭ ጨው ስም ነበር።

ጨው ስሙን ለድብልቁ ማውረሱ የሚገባው ነው፤ ከመቶ 75 እጁ እሱ ነው። 15 እጁ ከሰል፣ 10 እጁ ድኝ። ጨው ኦክስጅን ይሰጣል፤ ከሰሉ ይነዳል፤ ድኙ ደግሞ ነገሩ ሁሉ በቀላሉ እሳት እንዲይዝ ያደርጋል። (ቤት ውስጥ ልቀምም ብላችሁ እንዳታስቡ። ፋብሪካዎቹም ሲፈነዱ ኖረዋል።) እዚህ ላይ ዋናው ነገር ድኙ ነው። ባልጩት ብረቱን ሲፍቀው የሚረጨው ፍንጣሪ ከብረቱ የተላጠ፣ እየነደደ የሚወድቅ ብናኝ ነው፤ ዕድሜው ከዐይን ጥቅሻ አይበልጥም። ሳህኗ ላይ ወድቆ ባሩዱን ያቀጣጥላል፤ ነበልባሉ በበርሜሉ ጎን ባለች የመርፌ ቀዳዳ በምታህል ሽንቁር ዘልቆ ውስጥ ያለውን ያነዳል። እሳቱ ሁለት ጊዜ ይሻገራል፤ ሁለቱም ጊዜ ደካማ ነው። ቶሎ የሚያምን ባሩድ ይፈልጋል።

ምትኩ ቶሎ አያምንም። እንዳያምን ተብሎ ነው የተሠራው። እውነተኛው ጥቁር ባሩድ በሕግ ፈንጂ ነው፤ ለመሸጥ ፈቃድ፣ ለማስቀመጥ የተለየ ማከማቻ ይጠይቃል፤ ስለዚህ አብዛኛው መደብር አይነካውም። ፓይሮዴክስ በሚባለው ምትክ ውስጥም ጨዉ፣ ከሰሉና ድኙ አሉ፤ ነገር ግን ፖታሲየም ፐርክሎሬትና ሌሎች ቅመሞች ተጨምረውበት እሳት ለመያዝ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት እንደ ዘመናዊው ጭስ አልባ ባሩድ ተቆጥሮ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሕጉን ያስደሰተው ጠባይ ነው እንግዲህ ባልጩቱን ያስቀየመው። በቆርቆሮ ቆብ ለሚተኩሱት ጠመንጃዎች ይህ ችግር አይደለም፤ ቆቡ ሲመታ ትኩስ ነበልባል በቀጥታ ወደ በርሜሉ ይተፋል።

ቅዳሜ ወደ መተኮሻው ሜዳ ስሄድ በአይ-90 አውራ ጎዳና ኢሳኳን አልፋለሁ። ከሲያትል 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የኮስትኮ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ከተማ ስለሆነች ድግስ የደገሰ ሐበሻ ሁሉ ስሟን ያውቃል። ዳን ፓውላክ የሚባል ሰው ፓይሮዴክስን የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው፤ ማምረት የጀመረውም እዚያችው ኢሳኳ ውስጥ ነበር። በጥር 1977 ፋብሪካው ፈንድቶ እሱና ሦስት ባልደረቦቹ ሞቱ። ምርቱን ሆጅደን የተባለው ኩባንያ ካንሳስ ወስዶ ቀጠለበት፤ እስከ ዛሬም በየመደብሩ አለ። ባልደረባዬ ይህን ሲነግረኝ መኪናው ውስጥ ዝም አልን። ከእውነተኛው ያነሰ አደጋ አለው ተብሎ የሚሸጠው ነገር ፈጣሪውን የገደለው እኔ በየሳምንቱ በማልፍበት መንገድ ዳር ነው። ከዚያ በኋላ “ምትኩ ይሻላል፣ አይፈነዳም” የሚል ሰው ሲገጥመኝ ኢሳኳን እጠቅስለታለሁ። ሁለቱም ባሩድ ናቸው፤ ሁለቱም በእሳት አጠገብ አይቀመጡም።

ምትክ ነገር ለስደተኛ እንግዳ አይደለም። የኢዳሆ ጤፍ እንደልብ ከመገኘቱ በፊት በስንዴና በገብስ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ በልተናል፤ ዐይኑ ያምራል፣ ይጠቀለላል፣ ወጥ ይይዛል። ለምጣዱ ሁሉም ያው ነው። ለሆድ ግን ልዩነቱ ይታወቃል። የእኔም ጠመንጃ እንደ ሆድ ነው።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። በርሜሌ 50 ካሊበር ነው። እውነተኛውን ባሩድ እገዛለሁ፤ ቅንጣቱ በኤፍ ይለካል፣ ኤፉ ሲበዛ ቅንጣቱ ይደቅቃል። በርሜሉ ውስጥ ሦስት ኤፍ፣ 70 ግሬይን፤ ይህ አራት ግራም ተኩል ገደማ ነው። ብዙ ሰው ለሳህኗ አራት ኤፍ ይጠቀማል፤ የቡና ዱቄት ያህል የደቀቀ ነው። እኔ እርጥበት ባለበት ቀን ለሁለቱም ሦስት ኤፍ ነው የምጠቀመው፤ የደቀቀው ውሃ ቶሎ የሚጠጣ ይመስለኛል። ከታች ጥቂት እውነተኛ ባሩድ አድርገው ከላይ ምትኩን የሚጨምሩም አሉ። ይሠራላቸዋል። እኔ ግን አንድ ጊዜ እውነተኛውን ካገኘሁ ሌላውን ለምን እደርባለሁ?

ምትክ ለሚጠቀም ሰው ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። መጠኑ የሚለካው በስፍር እንጂ በሚዛን አይደለም፤ ፓይሮዴክስ ቀላል ስለሆነ በሚዛን የመዘነ ሰው ከሚገባው በላይ ያጎርሳል። ትሪፕል ሰቨን የሚባለው ደግሞ ድኝ የሌለው፣ ከጥቁሩ የበረታ ነው፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ስፍሩን በ15 በመቶ ቀንሱ ይላሉ። ብላክሆርን 209 የሚባለው ምትክ በባልጩት ጨርሶ አይታሰብም፤ ስሙ ውስጥ ያለው ቁጥር የሚፈልገው የማቀጣጠያ ስም ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ሌላ ነው፤ በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ጭስ አልባ ባሩድ መጨመር። ጭስ አልባውን ፖል ቪየይ የተባለ ፈረንሳዊ በ1884 እ.ኤ.አ. ሠራው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለበል የተባለው ጠመንጃ በእሱ ወጣ። አባቶቻችን ዐድዋ የያዙት ውጅግራ፣ ፈረንሳዮች ግራ የሚሉት፣ ከዚያ በፊት የነበረ፣ በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ ነው። በሁለቱ ባሩዶች መካከል ያለው ልዩነት የጭስ ብቻ አይደለም፤ የግፊት ነው። ጥቁሩ አረሩን ይገፋል፤ ዘመናዊው በአሮጌ በርሜል ውስጥ ብረቱን ይቀደዋል፣ ከዚያም የሰውን እጅ።

ጥቁሩን ማግኘት ግን ራስ ምታት ነው። አሜሪካ ውስጥ ጎልቶ የሚታወቀው ጎኤክስ ነው፤ ሉዊዚያና ይሠራ ነበር። ባለቤቱ ያው ፓይሮዴክስን የሚሠራው ሆጅደን ነበርና እ.ኤ.አ. በ2021 ሊዘጋው ወሰነ፤ ያን ጊዜ ባሩድ እንደ ነዳጅ ተፈለገ። በቀጣዩ ዓመት የገዛው ኢስቲስ ነው፤ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የካርቶን ሮኬት ተኩሰው ከሆነ ስሙን ታውቁታላችሁ። የፌደራሉ ሕግ ለስፖርትና ለባህል የሚሆን፣ በጥንታዊ ጠመንጃ የሚተኮስ የፋብሪካ ባሩድ እስከ 50 ፓውንድ ያለ ፈቃድ መግዛት ይፈቅዳል፤ አቀማመጡን በሚመለከት የግዛቱና የከተማው የእሳት አደጋ ደንብ አለና የሰፈራችሁን ጠይቁ። የማጓጓዣው የአደገኛ ዕቃ ክፍያ ግን አንድ ፓውንድ ለሚገዛ ሰው ያስለቅሳል። ስለዚህ እኛ ስድስታችን እንደ ዕቁብ እናዋጣለን፤ አንዱ ያዛል፣ ለየድርሻችን አንድ አንድ ፓውንድ እናነሳለን። በእኔ ስፍር አንድ ፓውንድ 100 ጥይት ነው፤ ለዓመት ይበቃኛል። አደን አልወጣም። በአፈሙዝ ለሚጎርስ ጠመንጃ የተመደበው የመጨረሻው የአደን ጊዜ ነቢያት ጾም ላይ ይወድቃል፤ አጋዘን ብገድል ማን ይበላዋል?

ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ልበል። በዓመት ሲደመር አዲስ አበባ ከሲያትል የበለጠ ዝናብ ታገኛለች። ልዩነቱ የእኛ አገር ዝናብ ዶፉን አውርዶ ጥሎ መሄዱ ነው፤ የሲያትሉ አይዘንብም፣ አያባራም። ለባሩድ የሚከፋው ይህኛው ነው። የተቃጠለ ባሩድ ቅሪት እርጥበት ይስባል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተኩሳችሁ ሳህኗን ካልጠረጋችሁ ጥላሸቱ እንደ ቅጠልያ ወጥ ይቀጥናል። እኔ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በጣቴ እጠርጋለሁ፤ በቀጭን ሽቦ ሽንቁሯን እወጋለሁ፤ ዒላማ እስክይዝ ድረስ በቆዳ እሸፍናታለሁ።

እቤት ስመለስ ደግሞ ማጠብ ነው። ምትክ ሻጮቹ “ንጹሕ ነው” ይላሉ፤ የፓይሮዴክስ ቅሪት ግን ብረት ይበላል፣ እንዲያውም በፐርክሎሬቱ ምክንያት ከእውነተኛው አያንስም። ስለዚህ ሁለቱም በዚያው ቀን ይታጠባሉ። ምንም የተለየ መድኃኒት አያስፈልግም፤ ሙቅ ውሃና የዕቃ ሳሙና፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ዘይት። ከመታጠቢያው የሚወጣው ሽታ የተበላሸ እንቁላል ነው፤ ድኙ ነው። መጀመሪያ ቀን ባለቤቴ ከሳሎን ሮጣ መጣች።

“አንተ ሰውዬ፣ ምን ሞተብህ?”

የተረፈኝን የምትክ ቆርቆሮ፣ ቆብ ባለው ጠመንጃ ለሚተኩስ ባልደረባዬ ሰጠሁት፤ አንድም ጊዜ አልከዳውም። ባለቤቴ ደግሞ ውሃ የማፈላበትን አሮጌ ማንቆርቆሪያ ለይታ፣ ክዳኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ “ባሩድ” ብላ ጽፋ ጋራዥ ወስዳ አስቀመጠችው። ባለፈው ፋሲካ እንግዳ ሲበዛብን አንዷ ዘመዳችን ለሻይ ልታፈላበት ይዛው ስትገባ ሁለታችንም እኩል ነው የጮህነው።