ሞተሩ በረታ፤ ፍሬኑስ?

በአርሲ ደጋ መንገድ የተመላለሰ ሰው ያረጀ ላንድሮቨር ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ከኋላው በሁለት ወገን አግዳሚ ወንበር ይገጠምለታል፤ ከላዩ ፖርቶመጋላ ይጫንበታል፤ ሻንሲው ላይ ብረት ይበየድበታል። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ፒክአፖችን ወደ ሰው ማመላለሻ ለውጠው፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚቀመጥ «ውይይት» እንዳሏቸው ዓይነት መሆኑ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ መኪና ከአርቦዬ ገበያ ስንዴና ሰው ጭኖ ሲወጣ አንድ ቀን ሞተሩ ሞተ እንበል። የቤተሰቡ እንጀራ ቆመ ማለት ነው። ባለቤቱም «ከቀየርኩ አይቀር ለምን በርትቶ የሚጎትት አልገጥምበትም?» ብሎ ያስባል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ሆኖም ግን ምን ያስከትላል? ይህን ለማብራራት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ፣ ሞተሩ ለምን ደከመ የሚለውን እንመልከት። ሞተር የሚሠራው በነዳጅ ብቻ ሳይሆን በአየርም ነው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ በባሕር ወለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህሉ ይጎድላል። በመሆኑም ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ በዚያው ልክ ያጣል። እስከ 1985 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ይሠራ በነበረው በቀድሞው ላንድሮቨር ላይ ይገጠም የነበረው 2,286 ሲ.ሲ. የቤንዚን ሞተር አዲስ ሳለ 77 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። ደጋ ላይ ሲወጣ ወደ 60 ይወርዳል። ጭነቱ ግን አይወርድም! አሽከርካሪው በአነስተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ እየሰጠ ሲወጣ ሞተሩ ይግላል። ደግሞም በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተር ክዳን ግፊት አፍኖ የመፍያውን ደረጃ ከፍ የሚያደርገው ለዚህ ሲሆን፣ ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ የተወተፈ ራዲያተር ግን ቶሎ ይፈላል፤ ውሃው ያልቃል፤ ቴስታታው ይጣመማል። ስለሆነም ብዙ ጊዜ ሞተሩን የገደለው ማነሱ ሳይሆን አያያዙ ነው። ምክንያቱን ሳያውቁ የሚገጥሙት አዲስ ሞተርም በዚያው በሽታ ይሞታል።

ለመለወጫ ምን ምን አለ? የቶዮታ ናፍታ ሞተሮች መለዋወጫቸው ስለሚገኝ ተመራጭ ናቸው። 3 ኤል የሚባለው 2,779 ሲ.ሲ.፣ 5 ኤል የሚባለው 2,986 ሲ.ሲ. ሲሆኑ፣ ሁለቱም ባለ 4 ሲሊንደር ናቸው። የላንድክሩዘሩ 1 ኤችዜድ ግን 4,164 ሲ.ሲ.፣ ባለ 6 ሲሊንደርና 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ነው። የመጠምዘዝ ኃይሉ ከአሮጌው የቤንዚን ሞተር ከአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ትልቁን ማንሳት አይሻልም?

እዚህ ላይ ገበሬውን እንጠይቅ። ደካማውን በሬ አውጥቶ ወይፈን የጠመደ ሰው በሬውን ብቻ አያይም፤ ቀንበሩን፣ ምራኑን፣ ሞፈሩን ይፈትሻል። ካልሆነ ወይፈኑ ሲጎትት ምራኑ ይበጠሳል። መኪናም እንዲሁ ነው፤ ኃይል ከሞተር እስከ ጎማ የሚሄደው በሰንሰለት ነው። ይኸውም፦

ሀ/ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ። የተሠሩት ለቀድሞው ኃይል ነው። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ የካምቢዮው ጥርስ ይረግፋል። ሞተሩን ከነካምቢዮው መግዛት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ለ/ ዲፈረንሲያልና ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች። በአሮጌው ላንድሮቨር የኋላ ዘንግ ቶሎ በመሰበር የታወቀ ነው።

ሐ/ ማቀዝቀዣ። ከሚቃጠለው ነዳጅ ሙቀት ሲሶ ያህሉን የሚያወጣው ውሃው ነው። ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ሰፊ ራዲያተር ይፈልጋል።

መ/ ክብደት። ባለ 6 ሲሊንደሩ ይረዝማል፣ ይከብዳልም፤ የፊት ባሌስትራው ይጎብጣል፣ መሪው ይከብዳል።

ሠ/ ፍሬን። ከሁሉ የሚብሰው ይህ ነው።

ፍሬንን በቁጥር እንየው። ከአሰላ ወደ አዳማ ስንወርድ ከ700 ሜትር በላይ ቁልቁል እንወርዳለን። ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ኃይል ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን አየርና ጎማ ይወስዱታል፤ የቀረውን መቻል ያለባቸው ሞተሩና ፍሬኑ ናቸው። አሽከርካሪው በከባድ ማርሽ ካልወረደ ሁሉም ፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል፤ ሸራ ደግሞ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። በተጨማሪም ፍጥነት ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ፣ ለማቆም የሚያስፈልገው ሥራ የሚጨምረው በሲሶ አይደለም፤ ወደ እጥፍ ይጠጋል እንጂ። ምክንያቱም የእንቅስቃሴ ኃይል የሚያድገው በፍጥነት ስኩዌር ነው። አዲሱ ሞተር ዳገቱን ያሳጥራል፤ ቁልቁለቱን ግን አያቀናም። ዳገቱን ብቻ አይቶ ሞተር የገዛ ሰው ሳሩን አይቶ ገደሉን ከዘነጋው በሬ በምን ይለያል? ከኋላ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት እኮ እናቶችና ተማሪዎች ናቸው።

ሕጉም መረሳት የለበትም። በሊብሬ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ ሞተሩ ሲለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ስለ ተሽከርካሪ ምርመራና ምዝገባ ደንግጓል። ስለዚህ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው የግዢ ደረሰኝና ዲክላራሲዮን ይቀበል፤ ከመግጠሙ በፊትም መዝጋቢውን መሥሪያ ቤት ይጠይቅ። ወረቀት የሌለው ሞተር ርካሽ ነው፤ ዳፋው ግን ውድ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አስቀድሞ የቀድሞው ሞተር ለምን እንደሞተ በመካኒክ ይረጋገጥ። በቶርኖ ቤት ታድሶ የሚድን ከሆነ ያንኑ ማሳደስ ይቀላል። የማይድን ከሆነ፣ ትልቁን ሳይሆን ለካምቢዮው፣ ለዘንጎቹና ለባሌስትራው የሚመጥነውን መምረጥ ነው። ከበጀቱም ላይ ለፍሬንና ለራዲያተር የሚውለው በቅድሚያ ይነሳ፤ የተረፈው ለሞተር ይሁን። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተገላቢጦሹን ነው፤ ሞተሩ ገንዘቡን ይጨርስና ፍሬኑ «ለሚቀጥለው ገበያ» ይባላል።

ውድ ዕጩ መምህራን፤ ነገ በገጠር ትምህርት ቤት ስለ ሥራ፣ ስለ ኃይልና ስለ ሙቀት ስታስተምሩ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ገበያ ዳር የቆመውን መኪና አሳዩ፤ ተማሪዎቻችሁ 60 እና 80ን በራሳቸው እያባዙ ያስሉ። ያን ያሰላ ልጅ ነገ ሹፌር ወይም ባለ መኪና ሲሆን፣ ስለ ሞተሩ ከመጠየቁ በፊት ስለ ፍሬኑ ይጠይቃል።