አራሷ ከተነሳች በኋላ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ፣ የደብረ ታቦር መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ወረታ ትገኛለች። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው፤ የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት ሲመጣ ሞልተው የሚተኙበት ለጥ ያለ ምድር። በዚህ አገር እናት መቼ ታርፋለች የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። መልስም ነበረው፤ መልሱ ግን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚበቃ ነው።

መልሱ አራስነት ነው። የወለደች ሴት ምጣድ አትጥድም፣ ውሃ አትቀዳም፤ ገንፎና አጥሚት ይቀርብላታል፣ ብቻዋንም አትተውም። በኦርቶዶክስ ቤት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ ድረስ ቤቱ በእሷ ዙሪያ ይሽከረከራል። ይህን ዕረፍት የሚያጸናው ግን ልማዱ ራሱ ሳይሆን ሰው ነው፤ እናቷ ወይም እህቷ መጥታ ጓዳውን ስትይዝላት ነው። ዘመድ የራቃት፣ ወይም እናቷ ራሷ አረም ላይ የዋለችባት አራስ ቀኑ ሳይሞላ ትነሳለች።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዕረፍት በዓል ነው። እሑድ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ሞፈር አይነሳም። ገበሬውም በሬውም ያርፋሉ። ጓዳው ግን አይዘጋም። እንዲያውም እንግዳ የሚበዛው በበዓል ነውና ቡናው ይደጋገማል፣ እንጀራው ቶሎ ያልቃል፣ ውሃው ሁለት ጊዜ ይቀዳል።

ሩዝ ደግሞ ዘመኑን ለወጠው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን በፎገራ ሲያስፋፉ፣ ሜዳው በአብዛኛው ውሃ የሚተኛበትና የፎገራ ከብት የሚሰማራበት ነበር። ዛሬ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫው ወረታ ነው። ሩዝ ለፎገራ ገንዘብ አምጥቷል፣ ቆርቆሮ ቤት አሠርቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ሩዝ አንዴ ታርሞ የሚተው ሰብል አይደለም። በክረምቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በእጅ ነው የሚታረመው፤ በዚህ ሥራ ሴቶች ከማንም አያንሱም። ድሮ አጨዳና ውቂያ ካለፈ ትንሽ እጅ ይፈታ ነበር። አሁን በቀሪው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፣ ውሃ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርት ይተከላል። በጋውም የሥራ ወቅት ሆነ። ገቢው ሲያድግ የእናት ዕረፍት ያጠረው አዲሱ ሥራ ሲጨመርባት የድሮው ስላልተነሳላት ነው።

ይህን የእናት ዕረፍት ጥያቄ በግልጽ ያነሳ አንድ ሰው የወጣው ፎገራ ካለችበት ከደቡብ ጎንደር ነው። ዙምራ ኑሩ በልጅነቱ እናትና አባቱ አብረው እርሻ ውለው ሲመለሱ አባቱ ሲያርፍ እናቱ ደግሞ ወደ መፍጨትና ወደ መጋገር ስትገባ አየ። ለምን ብሎ ሲጠይቅ እንደ እብድ ቆጠሩት። በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር የመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ የሚገኘው ፎገራ ወረዳ ውስጥ ነው። በአውራ አምባ ሥራ በፆታ አይከፈልም፤ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች። የወለደች ሴት 3 ወር ታርፋለች፤ ጧሪ የሌለው ሽማግሌም ማረፊያ ቤት አለው። የሃይማኖት በዓል አያከብሩም፣ በዚህም ከጎረቤት ብዙ መከራ ደርሶባቸዋል፤ በደርግ መጨረሻ ወደ ደቡብ እስከ መሰደድ ደርሰዋል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ በዓል የሌለው መንደር ለእናት ዕረፍት አገኘላት፤ በዓል የሞላበት ሜዳ ግን አላገኘላትም። እርግጥ አውራ አምባ ጥቂት መቶ ሰዎች የሚኖሩባት፣ መሬቷ ጠባብ ስለሆነ በሽመናና በወፍጮ የምትተዳደር መንደር ናት። ሩዝ ለሚያርሙ ሰዎች እንዳለች አትገለበጥም።

ሕጉስ? በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ 60 ቀን የነበረው ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 90 ቀን አድጓል፤ ከወሊድ በፊት ያለው 30 ቀን ነው። አባትም 3 ቀን ተሰጥቶታል። ወረታ ውስጥ በድርጅት የተቀጠረች እናት ይህን መጠየቅ ትችላለች። በራሷ ማሳ የምታርም፣ ወይም ገበያ ሽንኩርት ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ግን አሠሪ የላትም፤ ፈቃዱን ከማን ትጠይቅ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከባድ አትሸከሚ፣ ቀን ላይ ጋደም በይ ትላታለች። ምክሩ ትክክል ነው፤ እንስራውን የሚቀበላት ሰው ግን አብሮ አልመጣም።

ለገበሬ እናት ፈቃድ መስጠት አይቻልም ማለት ግን አይደለም። እዚያው ደቡብ ጎንደር፣ በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በሴፍቲኔት የታቀፈች ሴት በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ለክፍያው ከምትሠራው የማኅበረሰብ ሥራ ነፃ ሆና ክፍያዋን እንድታገኝ ተደንግጓል። ሴፍቲኔት የተዘረጋው እህል ለሚያጥራቸው ወረዳዎች ነው። ፎገራ ትርፍ አምራች ነው፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡሯ ሩዝ ማረሟን ትቀጥላለች።