እባካችሁ፣ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ዛሬ ጠዋት አንዲት ተመራቂ ተማሪ ላፕቶፕ ይዛ ቀሐ ሰፈር ያለው የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቄ መጣች። ባትሪው የሞተ ነው፤ አፕዴት እየጫነ መብራት ሄደና በዚያው አልነሳ አለ። መጀመሪያ የወሰደችበት ቤት ፋይል አላት ወይ ብሎ እንኳን ሳይጠይቅ ፎርማት አድርጎ መለሰላት። የመመረቂያ ጽሑፏ ዴስክቶፕ ላይ ነበር።

"መልስልኝ" አለችኝ። በድሮው ሃርድ ዲስክ ቢሆን፣ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት፣ ተስፋ አለው። ይህ ግን ኤስኤስዲ ነው፤ ፎርማት ሲደረግ የተለቀቀውን ቦታ ራሱ ያጸዳዋል። ምን ልመልስላት?

ወገን፣ ዊንዶውስ ተበላሸ ማለት ፋይል ጠፋ ማለት አይደለም! ያው የምትጭኑበት ፍላሽ ማዳኛም ነው፦

1. 8 ጊጋ ባዶ ፍላሽ በሌላ ኮምፒውተር ቡተብል አድርጉ። የዊንዶውስ መጫኛውን ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዱ እንጂ ከየቴሌግራሙ አትልቀሙ።

2. በፍላሹ አስነሱት (ኤፍ 12፣ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ)። "ኢንስቶል"ን ትታችሁ "ሪፔር" ውስጥ ግቡ።

3. ከሁሉ በፊት ፋይሉን አውጡ። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ኖትፓድን ክፈቱ፤ "ኦፕን" ብላችሁ "ኦል ፋይልስ" ስትመርጡ ዲስኩ ይታያችኋል። ከዚያው ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ፍላሽ ላይ ፔስት። ሲ የነበረው ዲ ሆኖ ቢመጣ አትደንግጡ። ቢትሎከር (የዲስክ መቆለፊያ) ካለው ቁልፉን ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ ስታርትአፕ ሪፔር። እምቢ ካለ የመጨረሻውን አፕዴት አንሱት።

ቲክቶክ ላይ "በፍላሽ አስነስተህ 'ፋይሎቼን አቆይ' በል" እያላችሁ የምታስተምሩ፦ ያ ምርጫ የሚመጣው ዊንዶውሱ ተነስቶ ከውስጥ ስትጭኑ ነው። አትዋሹ! ፎርማት ሳታደርጉ በላዩ ከጫናችሁ ግን የድሮው "ዊንዶውስ ኦልድ" በሚል ፎልደር ይቀመጣል፤ እሱም ከ10 ቀን በኋላ ይሰረዛል፣ ፍጠኑ።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 የደህንነት ሶፍትዌር ሠሪው የክራውድስትራይክ አፕዴት በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተር ሲጥል፣ ሁሉን ፎርማት እናድርግ አልተባለም። መፍትሔው አንዲት የተበላሸች ፋይል ማጥፋት ነበር፤ ማይክሮሶፍትም ለዚሁ ሥራ በፍላሽ የሚነሳ መጠገኛ አወጣ። ባለሙያ እንዲህ ነው።

መሥሪያ ቤቶቻችንስ? የዓመታት መዝገብ አንድ ዴስክቶፕ ላይ ተከምሮ ባክአፕ የለ፣ ዩፒኤስ የለ። ለመጋረጃ በጀት ይገኛል፤ ለአንድ ኤክስተርናል ዲስክ ሲሆን ጨረታ ይጠበቃል። የተበላሸ ቀን ከገጠር በእግሩ የመጣው ባለጉዳይ "ሲስተም የለም፣ ነገ ና" ይባላል።

ከልጅቷ ጽሑፍ የተረፈው ለአማካሪዋ በኢሜይል የላከችው ሁለት ምዕራፍ ብቻ ነው። እናንተ ኮምፒውተር ለጥገና ስትሰጡ አስቀድማችሁ "ፋይሌ ሳይወጣ ምንም እንዳይነካ" በሉ። እሺ ካላለ ይዛችሁ ውጡ።