ቆጣሪው ሲጽፍ ያለፈው

ባለፈው ወር ለዘገባ ክፍል ሥራ ኦሎምፒያ፣ ቦሌ መንገድ ዳር ቆሜ በአንድ ሰዓት ስንት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ እንደሚያልፍ ስቆጥር ነበር። አንዱን ደብተሬ ላይ ሳሰፍር ሌላው ሽው ይላል። አብራኝ የቆጠረችው ጓደኛዬ በ41 በለጠችኝ። ቤት ገብቼ ሳማርር ፊዚክስ ያጠናው ታላቅ ወንድሜ ሳቀብኝ። «ይሄ እኮ የኛም በሽታ ነው፤ ሙት ጊዜ እንለዋለን» አለኝ።

ለመሆኑ ፊዚክስ ምን ይቆጥራል? ነገሩ እንዲህ ነው። የፕሮቶንን መጠን ለማወቅ ኤሌክትሮኖችን ወደ ሃይድሮጂን ይተኩሱና በየትኛው ማዕዘን ስንቱ እንደተበተነ ይቆጥራሉ። ራዲየሱ 0.88 ፌምቶሜትር ገደማ ነው ሲባል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ስዊዘርላንድ ውስጥ በሌላ ዘዴ ሲለካ 0.84 ሆነ። ልዩነቱ 5 በመቶ አይሞላም፤ ግን ወይ ፊዚክሱ ወይ ልኬቱ ተሳስቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ቆጣሪውም ተጠርጣሪ ይሆናል።

ኤሌክትሮኑ መመርመሪያውን ሲመታ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ይፈጠራል። «ትሪገር» የሚባለው ክፍል ይመዝገብ ወይስ ይለፍ ብሎ ይወስናል። ከዚያ ምቱ ወደ ቁጥር ተለውጦ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ታዲያ መሣሪያው እየጻፈ ሳለ የሚመጣውን አያይም። አንዱን ለመጻፍ 100 ማይክሮሰከንድ ቢፈጅበትና በሰከንድ 1000 ቢመዘግብ፣ የሰከንዷ አንድ አሥረኛ በጽሕፈት አለቀች። በእውነት የመጡት 1111 ገደማ ናቸው። ስለዚህ ሠሪዎቹ ፈጣን መሣሪያ መግጠም ብቻ ሳይሆን፣ የታወረበትን ጊዜም ይቆጥራሉ።

እኔን የማረከኝ ግን አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በጄፈርሰን ላብ እ.ኤ.አ. በ2016 የተሠራው «ፒራድ» የተባለው ሙከራ ነው። 1728 የመስታወትና የክሪስታል ክፍሎች ባሉት መመርመሪያ ከፕሮቶን ጋር የተጋጩትንም፣ ከሌላ ኤሌክትሮን ጋር የተጋጩትንም በአንድ ጊዜ መዘገቡ። የሁለተኛው ግጭት ስሌት በደንብ ይታወቃል። መሣሪያው ቢታወር ከሁለቱም እኩል ድርሻ ስለሚያመልጠው፣ አንዱን ለሌላው ሲያካፍሉት ጉድለቱ ይጣፋል። በ2019 የወጣው ውጤት 0.831 ነበር፤ ወደ ትንሹ ቁጥር የተጠጋ።

እኔም ኦሎምፒያ ተመልሼ ሚኒባስና የቤት መኪና አብሬ ቆጠርኩ። ኧረ ምን ዋጋ አለው! ሚኒባሶቹ ተሳፋሪ ሲሻሙ ሦስት አራት ሆነው ተከታትለው ይመጣሉ፤ የሚያመልጠኝም በብዛት እነሱ ናቸው። በቃ፣ በዘገባዬ ከቁጥሩ አጠገብ አንገቴን ደፍቼ የጻፍኩበትን ደቂቃም አሰፈርኩ።