ለመሸነፍ የሚጫረቱ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ግዥ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሦስት ፕሮፎርማ ተዘርግቷል። የሚገዛው የፕሪንተር ቀለም ነው። የሦስት ድርጅት ስም፣ ሦስት ክብ ማኅተም፣ ሦስት የግብር ከፋይ ቁጥር፤ ዋጋውም ይለያያል። ነገሩ የተበላሸው «ካርትሪጅ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ሦስቱም ላይ «ካርትጅር» ተብላለች። ሦስት ነጋዴ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ስህተት አይሠራም። አንደኛው የጎረቤቶቹን ማኅተም ተውሶ «አጃቢ» የሚባሉትን ሁለቱን ፕሮፎርማዎች ራሱ ሞልቷቸዋል።

የእኛን የግዥ ቢሮ የሚያውቅ በዚህ አይደነቅም። የሚገርመው ባሕር ማዶ፣ በኢንተርኔት ጨረታ፣ የዚሁ ዘዴ ወንድም እንዴት እንደተያዘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ኢቤይ ላይ አንድ ሥዕል በ25 ሳንቲም መነሻ ዋጋ ለጨረታ ቀረበ። ሻጩ በርክሌይ ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ጋር እንደገዛውና ልጅ በባለ ሦስት እግር መጫወቻ ብስክሌት እንደቀደደው ጻፈ። የሠዓሊውን ስም አልጠራም። ጥግ ላይ ያለችው «አርዲ 52» የምትል ፊርማ ግን የታዋቂው የሪቻርድ ዲበንኮርን ሥራ ነው አሰኘች፤ ዋጋው 135,805 ዶላር ገባ።

ጋዜጠኞች ሻጩን ሲያፈላልጉ ኬኔት ዋልተን የተባለ የሳክራሜንቶ ጠበቃ ሆኖ ተገኘ። የብስክሌቱ ታሪክ ፈጠራ ነበር። ኢቤይ መዝገቡን ሲያይ ደግሞ ሰውየው በሌላ ስም የራሱን ዕቃ ተጫርቶ ተገኘ። ሽያጩ ተሰረዘ። ኤፍቢአይ ወደ ኋላ እየሄደ ሲመረምር ነገሩ ሰፋ፦ ዋልተንና ሁለት ግብረ አበሮቹ ከ40 በላይ የሐሰት ስም ከፍተው፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጨረታዎች አንዱ የሌላውን ዕቃ ዋጋ ሲሰቅል ኖሯል። ዋልተን እ.ኤ.አ. በ2001 ጥፋቱን አመነ።

እንግዲህ ያጋለጣቸው በሻጩ ላይ የተደረገ ምርመራ ብቻ አይደለም፤ እየተጫረቱ የማይገዙት ስሞችም ናቸው። ልዩነቱ ትንሽ ነው። እዚያ የሐሰቱ ተጫራች ዋጋ ሰቅሎ ገዢውን ያስወድዳል። የእኛ አጃቢ ከአሸናፊው ትንሽ ከፍ አድርጎ ይሞላና ውዱን ርካሽ ያስመስለዋል። የሚከፍለው ግን በሁለቱም ቦታ ገዢው ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ ገዢው ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው።

አሁን የመንግሥት ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ነው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳስገባ ይመዘገባል፤ ይህ ከታሸገ ፖስታ በእጅጉ ይሻላል። ተማክረው የሚያስገቡ ጓደኛሞችን ግን ኮምፒውተር ብቻውን አይለይም። በየጨረታው እየገባ የማያሸንፈው ማነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ማኅተም የሚያውሰው ነጋዴ ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ይሉኝታ ይዞት ነው፤ ነገም እሱ መዋሱ አይቀርም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ይሉኝታ አያውቅም፤ ነጋዴዎች በጨረታ እንዳይመሳጠሩ ሲከለክል ያሸነፈውን ብቻ ሳይሆን ተስማምቶ የተሸነፈውንም ይጨምራል።