ክርን ሲያም፦ መርፌው ወይስ እንቅስቃሴው?

በዚህ ዕትም ሐኪሞች «ቴኒስ ኤልቦው» ስለሚሉት ሥር የሰደደ የክርን ሕመም እንነጋገራለን። ስሙ አያሳስታችሁ፤ እዚህ ደብረ ታቦር ራኬት የያዘ ሰው ማየት ብርቅ ነው። ሕመሙ ግን በጉና ግርጌ ገብስ የሚያጭደውን፣ እንጨት ፈላጩን፣ ልብስ አጥባ የምትጨምቀውንም እናት ይይዛል።

ሕመሙ የሚሰማው በክርን ውጫዊ ጎን ነው። መዳፍን ወደ ታች አድርጎ የውዱእ ጆግ ማንሳት፣ ከጀበና መቅዳት፣ እጅ መጨበጥ ያማል። ለምን? ስንጨብጥ ጣቶችን የሚያጥፉት ጡንቻዎች የእጅ አንጓንም አብረው ይስባሉ፤ አንጓው እንዳይታጠፍ ከክንድ ጀርባ ያሉት ጡንቻዎች ወደ ኋላ ይይዙታል። የእነዚህ ጅማት የተያያዘው ክርን ላይ ስለሆነ ጭነቱ እዚያ ያርፋል። ስታቲክስ ለወሰደ ተማሪ ይህ ተራ የሚዛን ጥያቄ ነው።

ብዙዎቻችን «መርፌ ካልተወጋሁ ታከምኩ አልልም» ከሚባልበት ቤት ነው የመጣነው። እዚህ የምንናገረው በመቀመጫ ስለሚሰጠው ዲክሎፌናክ ሳይሆን ክርኑ ላይ ስለሚወጋው ኮርቲዞን ነው። ኮርቲዞን የተቆጣ አካልን ያበርዳል። ሥር በሰደደው ሕመም ግን ዋናው ችግር የጅማቱ ቃጫ መጎዳትና መዘበራረቅ ነው እንጂ መቆጣቱ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በአውስትራሊያ 165 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በ4ኛው ሳምንት ኮርቲዞን ብቻ ከተወጉት 71 በመቶው ድነዋል ወይም በጣም ተሽሏቸዋል፤ የጨው ውሃ ብቻ ከተወጉት 10 በመቶው። ከዓመት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ኮርቲዞን ከተወጉት 54 በመቶው ሕመሙ ሲያገረሽባቸው፣ ካልተወጉት 12 በመቶው ብቻ ነበሩ። ወለድ ያለበት ብድር ይመስላል። መርፌው የተወጋበትን ቆዳ ሊያነጣና ሊያሳሳ፣ የስኳር ሕመምተኛን ስኳርም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። አጨዳው የደረሰበት ገበሬ ለሁለት ሳምንት ፋታ ሲል ቢወጋ አንፈርድበትም። ግን ዋጋውን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

የራስን ደም አሽከርክሮ መልሶ መውጋትስ? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘበትም። ውድም ነው፤ እኛ ለዚህ ብድር ግቡ አንልም።

በረመዳን ስለመወጋት ለሚጠይቁን፦ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ምግብነት የሌለው የሕክምና መርፌ ጾምን አያፈርስም።

እንቅስቃሴው ይቀራል። በዚያው ጥናት መድኃኒት ሳይወጉ ፊዚዮቴራፒ ካገኙት 39 በመቶው በ4ኛው ሳምንት ተሽሏቸዋል። በዓመቱ ፊዚዮቴራፒ ያገኙትና ያላገኙት ልዩነት አልነበራቸውም፤ አብዛኛው ሰው በጊዜ ይድናልና። የእንቅስቃሴው ጥቅም መጀመሪያ ላይ ነው፣ ያውም ያለ ዕዳ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፤ እጃችሁ ከጠርዙ ይውጣ፣ መዳፉ ወደ ታች ይሁን። ግማሽ ሊትር ውሃ ያለበት ሃይላንድ ያዙ። በሌላው እጅ እየረዳችሁ አንጓውን ወደ ላይ አንሱ፤ ከዚያ ያለ እርዳታ እስከ 5 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። 10 ጊዜ፣ በሦስት ዙር፣ በየቀኑ። ጥቂት ቢያም ችግር የለውም፤ ሕመሙ እስከ ማግስቱ ከቆየ ግን ክብደቱን ቀንሱ። ሲቀላችሁ በውሃው ፈንታ አሸዋ ሙሉበት። ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያው ዕቃ ስታነሱ መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጉ፤ ቀጭን የመጥረቢያ እጀታም በጨርቅ ጠቅልላችሁ አወፍሩ።

ክርኑ ካበጠና ከጋለ፣ ጣት ከደነዘዘ፣ ወይም ሕመሙ ከውድቀት በኋላ የመጣ ከሆነ ሃይላንዱን ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።