የፍሎፒ ዲስክና የድራይቭ አለመግባባት፦ የእፍጋት ልዩነት የሚያስከትለው ጣጣ



ዛሬ የምናገረው አብዛኞቻችሁ በ«አስቀምጥ» ምልክትነት ብቻ ስለምታውቁት ዕቃ፣ ስለ ፍሎፒ ዲስክ ነው። ርእሱ ያረጀ ይመስላል። ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፉን ወይም የአባቱን ማስታወሻ ብቸኛ ቅጂ ከመሳቢያ አውጥቶ «ይህን ማን ያነብልኛል?» የሚል ሰው ዛሬም አለ። ለእርሱ አስቀድሜ የምነግረው፣ ዲስኩ ድራይቩ ውስጥ መግባቱ ብቻ ሁለቱ ለመስማማታቸው ማስረጃ እንደማይሆን ነው።

ጉዳዩ በሚገባ የሚታየው በባለ 5.25 ኢንቹ ዲስክ ላይ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 ፒሲ ኤቲ የተሰኘውን ኮምፒውተር ሲያቀርብ 1.2 ሜጋባይት የሚጽፍ ድራይቭ ይዞ መጣ፤ ከዚያ በፊት በፒሲዎቹ የተለመደው 360 ኪሎባይት ነበር። ዲስኮቹ በመጠን አንድ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ በመልክም አይለዩም። ሆኖም የቀድሞው በእያንዳንዱ ገጽ 40 ክብ መስመሮች ሲኖሩት አዲሱ 80 አለው። በዚያው ስፋት ላይ እጥፍ መስመር ለማስፈር የሚያነበውና የሚጽፈው ጭንቅላት መቅጠን ነበረበት፤ የመስመሩ ስፋት ከ0.33 ሚሊሜትር ወደ 0.16 ሚሊሜትር ገደማ ወረደ።

ማንበብ ችግር የለውም። አዲሱ ድራይቭ ሁለት ሁለት እየተራመደ በሰፊው መስመር ላይ ያርፋል፤ በደቂቃ በ300 ዙር ፈንታ 360 ቢዞርም ተቆጣጣሪው ፍጥነቱን ያስተካክላል። ጥፋቱ የሚመጣው ሲጽፍ ነው። ከብራና ላይ የድሮውን ጽሕፈት የሚፍቅ ሰው የመስመሩን መካከል ብቻ ፍቆ በዚያው ላይ ቢጽፍ፣ የቀድሞዎቹ ፊደላት ራስና እግር ሳይነኩ ይቀራሉ። ቀጭኑ ጭንቅላትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የራሱን ጽሕፈት ብቻ ስለሚያይ ሥራው ያለ እንከን መጠናቀቁን ይናገራል። ዲስኩ ወደ ቀድሞው ድራይቭ ሲመለስ ግን ሰፊው ጭንቅላት አዲሱንም ቀሪውንም በአንድነት ያነሣና ይደናገራል። ዲስኩ ቀድሞ ምንም ያልተጻፈበት ከነበረ ቀሪ ስለሌለ ብዙውን ጊዜ ይነበባል።

ሽፋኑም ይለያያል። የ360 ኪሎባይቱን ማግኔታዊ አቅጣጫ ለመቀልበስ 300 ኧርስትድ ገደማ ሲበቃ የ1.2 ሜጋባይቱ 600 ገደማ ይጠይቃል። ስለዚህ የቀድሞው ድራይቭ በአዲሱ ዲስክ ላይ አስተማማኝ ጽሕፈት ሊያሰፍር አይችልም።

ባለ 3.5 ኢንቹ የተሻለ ዕድል አለው፤ የ720 ኪሎባይቱም የ1.44 ሜጋባይቱም መስመሮች 80 ናቸው፣ ስፋታቸውም አንድ ነው። የሚለያቸው በዲስኩ ጥግ ያለችው ተጨማሪ ቀዳዳ ናት። ገንዘብ ለመቆጠብ የ720 ኪሎባይቱን ዲስክ በመሰርሰሪያ የሚበሱ ነበሩ። እኔ ይህን ቁጠባ አልለውም፤ በዕለቱ ቢሠራም የማያስተማምን ጽሕፈት ነው። በተቃራኒው ቀዳዳዋን የማያዩ ድራይቮችም ስለነበሩ የ1.44 ሜጋባይቱ ዲስክ በ720 ኪሎባይት ተሰናድቶ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሌላ ድራይቭ አላነብም ሲል ቀዳዳዋን በፕላስተር መሸፈን ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አሁን ወደ ባለ መሳቢያው ልመለስ። ዲስኩን ከማስገባቱ በፊት መጻፍን ይከልክል። በ5.25 ኢንቹ ይህ የሚሆነው የጎኑን ስንጥቅ በመሸፈን ነው፤ በ3.5 ኢንቹ ደግሞ መንሸራተቻዋን ገፍቶ ቀዳዳዋን በመክፈት። የሁለቱ ሕግ ተገላባጭ ነውና ይጠንቀቅ። ኮምፒውተሩ «ዲስኩ ይሰናዳ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አይሆንም ነው። የ360 ኪሎባይቱ ዲስክ በሰፊው ጭንቅላት የተዘበራረቀ ሆኖ ከታየም ጠፍቷል ብሎ ከመጣሉ በፊት በ1.2 ሜጋባይቱ ድራይቭ ይሞክረው፤ የመጨረሻው ጽሕፈት የቀጭኑ ጭንቅላት ከሆነ እዚያ ጥርት ብሎ ሊነበብ ይችላል።